ከገንዳው በፊት ውኃውንና ብርዱን መለካት፦ በኮሶዬ ደጋ የመጀመሪያውን የዓሣና የአትክልት ጥምር ልማት ለማቀድ

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ኮሶዬ ይደረሳል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴና ድንች ይመረትበታል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ውርጭም ይወርዳል። ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ምንጮች እየሳሱ፣ ውኃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጆች መንገዳቸው እየረዘመ፣ ወረፋውም እየበዛ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ለጓሮ አትክልት የሚፈሰው እያንዳንዱ ጀሪካን ውኃ በሰው ጀርባ ታዝሎ የመጣ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የጓሮ አትክልት ለኮሶዬ አዲስ ነገር አይደለም። ዴኒስ ካርልሰንና አንድሩ ካርልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1993 የነበረውን የኮሶዬን ሕዝብ ጤና፣ ሀብትና የቤተሰብ ኑሮ አጥንተው በመጽሐፍ አቅርበዋል። ኋላም በኮሶዬ የልማት ፕሮግራም አማካይነት ቤተሰቦች በጓሮአቸው አትክልት ተክለው ምግባቸውን እንዲያሻሽሉ ትምህርት ተሰጥቷል። ዛሬ አንዳንድ ወጣቶችና የቤት እመቤቶች አንድ እርምጃ ወደፊት በመሄድ፣ ውኃ ይቆጥባል የተባለውን አኳፖኒክስ /የዓሣና የአትክልት ጥምር ልማት/ በጓሮአቸው ለመሞከር ይጠይቃሉ። ይህ ጽሑፍ ለእነርሱ የተዘጋጀ ነው። ዓላማውም ገንዘብና ጉልበት ከመውጣቱ በፊት በኮሶዬ ሁኔታ ሥራው ያዋጣ እንደሆነና እንዳልሆነ ለመለየት የሚያስችል ዕቅድ ማሳየት ነው።

1. አኳፖኒክስ ምንድን ነው?

በአኳፖኒክስ ዓሣና አትክልት በአንድ ውኃ ይኖራሉ። ዓሣው በገንዳ ውስጥ ይመገባል፤ ከሰውነቱም አሞኒያ የተባለ ንጥረ ነገር ያወጣል። አሞኒያ በውኃው ውስጥ ከተጠራቀመ ዓሣውን ይገድላል። ነገር ግን ውኃው ከገንዳው ተነሥቶ በጠጠር በተሞላ መደብ ላይ ሲያልፍ፣ በጠጠሩ ገጽ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ለአትክልት ጥሩ ምግብ ነው። በመሆኑም አትክልቱ ማዳበሪያውን ከውኃው ይወስዳል፤ የጠራውም ውኃ ተመልሶ ወደ ዓሣው ይወርዳል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ዓሣው፣ ባክቴሪያውና አትክልቱ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከደከመ ሁለቱ ይጎዳሉ።

ዓሣንና ሰብልን በአንድ ውኃ ማልማት ጥንታዊ ነው። ቻይናውያን በሩዝ ማሳቸው ውስጥ ዓሣ ሲያረቡ ኖረዋል። የዛሬው ዓይነት አሠራር በሰፊው የተጠናው ግን በካሪቢያን ባሕር በሚገኘው በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ጄምስ ራኮሲ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ቆሮሶን ከሰላጣና ከሌሎች አትክልቶች ጋር አጣምረው ሠርተዋል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ለአነስተኛ አምራቾች የሚሆን ሰፊ መመሪያ አውጥቷል። በአገራችን በሸዋ ሮቢትና በሐዋሳ አነስተኛ ማሳያዎች ተሠርተው ታይተዋል። እነዚህ ሥፍራዎች ሁሉ ከኮሶዬ እጅግ የሞቁ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሞቃት አገር የተሳካው እንዳለ ወደ ደጋ ቢወጣ ላይሳካ ይችላል።

2. የውኃው ሒሳብ

አኳፖኒክስ ውኃ ይቆጥባል ሲባል አትክልቱ ከወትሮው ያነሰ ይጠጣል ማለት አይደለም። ጎመን በአፈርም ላይ ይሁን በጠጠር፣ ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ያህል ይጠጣል። የሚቆጠበው ወደ መሬት ሰርጎ የሚጠፋውና ከባዶ አፈር ላይ የሚተነው ውኃ ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

ሀ/ በበጋ ወራት አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል እንበል። የ1 ሜትር ተኩል ካሬ መደብ በቀን 7 ሊትር ያህል ይጠጣል ማለት ነው።

ለ/ ይኸው መደብ በአፈር ላይ ቢሆንና ከሚፈሰው ውኃ ግማሽ ያህሉ ቢባክን፣ በቀን 15 ሊትር ያህል መፍሰስ ይኖርበታል።

ሐ/ በአኳፖኒክስ ቢሆንና ገንዳው በደንብ ቢከደን፣ አትክልቱ የጠጣውንና በትነት የጎደለውን ለመተካት በቀን 9 ሊትር ያህል ይጨመራል።

መ/ ስለዚህ ቁጠባው በቀን 6 ሊትር ይሆናል። ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት 150 ቀናት ሲባዛ 900 ሊትር ወይም 45 ጀሪካን /ባለ 20 ሊትር/ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የመጀመሪያውን ሙሌት እንመልከት። 500 ሊትር ገንዳና የጠጠሩ መደብ አንድ ላይ 650 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ይህም 33 ጀሪካን ነው። ይህ ውኃ በበጋ ከምንጭ ተቀድቶ ከመጣ፣ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ዓመት የሚያተርፈው 12 ጀሪካን ብቻ ነው። ገንዳው አንድ ጊዜ ካፈሰሰና እንደገና ከተሞላ ግን ቁጠባው ቀርቶ ኪሣራ ይሆናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

ሙሌቱ በክረምት ከቤት ጣራ ከተገኘ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 400 ሊትር ውኃ ይቀበላል። ጣራውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ውኃና የሚረጨው አንድ አምስተኛ ቢቀነስ 320 ሊትር ይተርፋል። በመሆኑም አሸንዳ የተገጠመለት ጣራ በነሐሴ እንዲህ ባሉ ሦስት የዝናብ ቀናት ገንዳውን ይሞላዋል። በጀርባ የሚታዘል አንድም ጀሪካን አያስፈልግም። ስለሆነም የኮሶዬ ቤተሰብ ለአኳፖኒክስ መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ አሸንዳ ነው።

3. የብርዱ ሒሳብ

ብዙ ጀማሪዎች የሚዘነጉት ይህን ክፍል ነው። በሐይቆቻችን በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ሞቃት ውኃ ይወዳል። የሚስማማው ከ27 እስከ 30 ድግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሙቀቱ ከ17 ወይም ከ18 ድግሪ ሲወርድ መብላቱን እየተወ ዕድገቱ ይቆማል፤ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ይታመማል፣ ይሞታል። አምባዛም ሙቀት ይወዳል፤ ሆኖም ብርድን ከቆሮሶ በተሻለ ይታገሣል። ባክቴሪያዎቹም እንዲሁ በሞቃት ውኃ ይበረታሉ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይደክማሉ። በዚህ ጊዜ ምግብ እንደ ወትሮው ቢሰጥ፣ ያልተበላው በስብሶ አሞኒያ ይጠራቀማል።

ሁለተኛው የከፍታ ችግር አየር ነው። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ስለሆነ፣ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በቆላ 20 ዓሣ በሚይዝ ገንዳ በደጋ ያን ያህል ዓሣ ማጨቅ አይገባም። በዚህ ረገድ አምባዛ ብልጫ አለው፤ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ስቦ መተንፈስ ስለሚችል ውኃው ለጥቂት ሰዓት ባይንቀሳቀስም አይሞትም።

አንዳንድ ሰዎች ለብርድ አገር ትራውት አይሻልም ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ትራውት የተባለው ዓሣ ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ ይኖራል፤ ቀዝቃዛ ውኃም ይወዳል። ነገር ግን የሚኖረው ኦክስጅን በሞላበትና ያለማቋረጥ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ነው። በባልዲ በሚንቀሳቀስ ገንዳ አይኖርም። ካርፕም ብርድ ቢችልም ለአካባቢው መጤ በመሆኑ፣ ያለ ምርምር ማዕከል ፈቃድ ወደ ጣና ተፋሰስ አካባቢ ማምጣት አይገባም። በጣና ሐይቅ ከሚኖሩት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም በሌላ ሥፍራ አይገኙም፤ ከገንዳ ያመለጠ መጤ ዓሣ ሊጎዳቸው ይችላል።

4. ገንዳውን ያለ ዓሣ ጥርን ማሳለፍ

ከላይ በተገለጹት ምክንያቶች ለኮሶዬ የምንመክረው የመጀመሪያ ዓመት ዕቅድ የሚከተለው ነው።

ሐምሌ፦ ሥፍራው ይመረጥ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ከቤቱ ግድግዳ በስተደቡብ በኩል፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ይሻላል። የደጋ መሬት ቀዝቃዛ በመሆኑ ገንዳው ጉድጓድ ውስጥ እንዲቀበር አንመክርም። ከሥሩ ወፍራም ገለባና ሳንቃ ይደረግለት፤ ጎኑም በገለባ ተሸፍኖ በላስቲክ ይጠቅለል። ገንዳውና መደቡ አንድ ላይ በእንጨትና በነጭ ላስቲክ በተሠራ ትንሽ ቤት ውስጥ ይሁኑ። የላስቲኩ ቤት ቀን ፀሐይ ሲበረታ ይከፈታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል።

ነሐሴ፦ አሸንዳው ተገጥሞ ገንዳው ከጣራ ውኃ ይሞላ። ገንዳው የምግብ ዕቃ የነበረ ፕላስቲክ ይሁን። ጸረ ተባይ ወይም ሌላ መርዝ የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ አያገለግልም። ነሐስና ዚንክ የተለበጠ ብረት ከውኃው ጋር ዘወትር እንዲነካካ ማድረግ ዓሣ ይጎዳል።

መስከረምና ጥቅምት፦ ከገንዳው ከፍ ብሎ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደብ ይሠራ። ውኃ የሞላው ጠጠር እጅግ ከባድ ስለሆነ መቆሚያው ጠንካራ ይሁን። ጠጠሩ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ አቧራው እስኪጠፋ የታጠበ ይሁን። ውኃው ከመደቡ በራሱ ቁልቁለት በቧንቧ ወደ ገንዳው ይመለስ።

ከኅዳር እስከ ጥር፦ በዚህ ጊዜ ዓሣ አይገባም። ቴርሞ ሜትር ተገዝቶ በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ የውኃው ሙቀት ተለክቶ በደብተር ይጻፍ። መለኪያው በሰዓት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የልጆች ደብተር ለዚህ ይበቃል።

የካቲት፦ ደብተሩ ተነቦ ውሳኔ ይሰጥ።

ሀ/ በጥር ማለዳዎች ውኃው በአብዛኛው 20 ድግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ አምባዛ ወይም ቆሮሶ ማስገባት ይቻላል።

ለ/ ከ16 እስከ 20 ድግሪ ከሆነ ጥቂት አምባዛ ብቻ ይግባ። ዕድገቱ አዝጋሚ እንደሚሆንና ለማዕድ ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል አስቀድሞ ይታወቅ።

ሐ/ ከ16 ድግሪ በታች ከሆነ ዓሣ አይግባ። ይህ ሽንፈት አይደለም። አሸንዳው፣ ገንዳውና የላስቲኩ ቤት ተሠርተዋል። የተጠራቀመው 650 ሊትር ውኃ ጉዝጓዝ በተደረገበት የአፈር መደብ ላይ በትንሽ በትንሹ ቢንጠባጠብ፣ ከአኳፖኒክሱ ቁጠባ የማይተናነስ ጥቅም ይሰጣል። የሞተ ዓሣና የባከነ ገንዘብ ግን አይኖርም።

5. ዓሣ፣ መኖና አትክልት ማመጣጠን

ዓሣ ይግባ ከተባለ፣ የዓሣ ጫጩት በባሕር ዳር ከሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም ሰበታ ካለው ብሔራዊ ማዕከል ምክር ተጠይቆ ይምጣ። ጫጩቱ ከመግባቱ በፊት ባክቴሪያው እንዲራባ፣ በጣም ጥቂት መኖ በውኃው ውስጥ እየተጨመረ ውኃው በጠጠሩ ላይ ይመላለስ። ይህ በሞቃት አገር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ በደጋ ከዚያ ይረዝማል። የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ያለው ባለሙያ ውኃውን አይቶ ሁለቱም መጥፋታቸውን ሳያረጋግጥ ዓሣ አይግባ።

ውኃ ማመላለሻው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ከሆነ ለ500 ሊትር ገንዳ እስከ 20 ዓሣ መያዝ ይቻላል። በእጅ ከሆነ ግን ከ8 እስከ 10 አምባዛ ይበቃል። ለዚህም ባለ 10 ሊትር 30 ባልዲ ውኃ በቀን ከገንዳው ወደ መደቡ መነሣት አለበት፤ ጠዋት 10፣ ቀትር 10፣ ማታ 10 ማለት ነው። ይህን ማን እንደሚሠራ ቤተሰቡ ከመጀመሩ በፊት ይስማማ። ከምንጭ ውኃ ተሸክማ በተመለሰች እናት ወይም ከትምህርት ቤት በመጣች ልጅ ላይ የሚጨመር ከሆነ፣ በውኃ የተቆጠበው በጉልበት ተከፍሏል ማለት ነው።

መኖው ከኑግ ፋጉሎ፣ ከስንዴ ፉርሽካ፣ ከተፈጨ ደረቅ ዓሣና ከምድር ትል ሊዘጋጅ ይችላል። መጠኑ በቀን ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 1 እስከ 2 እጅ ነው። 10 ዓሣ እያንዳንዱ 250 ግራም ቢመዝን፣ ጠቅላላው 2 ኪሎ ተኩል ስለሚሆን በቀን ከ25 እስከ 50 ግራም መኖ ይበቃል። ለ1 ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል የሚያስፈልገው በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ መኖ ነው። በመሆኑም በእጅ የሚሠራ ሰው ከ1 ሜትር ተኩሉ መደብ ግማሹን ያህል ብቻ ይትከል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልተበላ መኖ ተለቅሞ ይውጣ። ውኃው ሲቀዘቅዝ መኖው ይቀነስ፤ ዓሣው መብላት ካቆመ ጨርሶ ይቅር።

ለደጋ የሚስማሙት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ድንብላል ናቸው። ቲማቲምና በርበሬ ሙቀትና ብዙ ምግብ ስለሚፈልጉ ለመጀመሪያ ዓመት አይመከሩም። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች በጠጠር ውስጥ አይሆኑም፤ በለመዱት አፈር ይቆዩ። አኳፖኒክስ የጓሮውን አትክልት አይተካም፤ ከጎኑ ይቆማል እንጂ።

6. ማሳሰቢያ

ሀ/ በአትክልቱ ላይ ምንም ዓይነት ጸረ ተባይ አይረጭ። አትክልቱን የሚያድነው መርዝ ዓሣውን ይገድላል።

ለ/ የከብት ፋንድያ በውኃው ውስጥ አይጨመር፤ ቅጠሉ ጥሬውን የሚበላ ስለሆነ በሽታ ያመጣል።

ሐ/ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውኃ ከመጨመሩ በፊት በክፍት ዕቃ ሁለት ቀን ይቆይ።

መ/ የዝናብ ውኃ ለስላሳ በመሆኑና ባክቴሪያዎቹም ውኃውን እያኮመጠጡ ስለሚሄዱ፣ የታጠበ የእንቁላል ቅርፊት በከረጢት ታስሮ በገንዳው ውስጥ ይንጠልጠል።

ሠ/ ገንዳው ዘወትር ይከደን። ክዳኑ ትነትንና አልጌን ይከላከላል፤ አምባዛ ዘሎ እንዳያመልጥ ይጠብቃል፤ ከሁሉም በላይ ሕፃናት እንዳይገቡበት ያግዳል።

ረ/ ማለዳ ዓሣዎቹ በውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያጣጥሩ ከታዩ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው። መኖ ተቋርጦ ውኃው ወዲያው በባልዲ እየተነሣ ከከፍታ ይፍሰስ።

በጾም ወራት በጎንደር ገበያ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። ይህን በማየት ብዙዎች አኳፖኒክስን የንግድ ሥራ አድርገው ያስቡታል። አሥር ዓሣ ግን የቤተሰብ ማዕድ እንጂ ንግድ አይሆንም። ለገበያ የሚያስብ ሰው ቦታውን ከደጋው ይልቅ ወደ ጣና ዳር ወደ ጎርጎራ ወይም ወደ አርማጭሆ ቆላ ቢመለከት ይሻላል። የኮሶዬ ቤተሰብ ከዚህ ሥራ የሚጠብቀው በሚያዝያ ድርቅ ጊዜ ለልጆች የሚሆን አረንጓዴ ቅጠል፣ አልፎ አልፎ ዓሣ፣ ከምንጭ የሚቀነስ ጥቂት ጉዞ ነው። ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው መጀመሪያ አሸንዳ፣ ቀጥሎ ቴርሞ ሜትርና ደብተር ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወደሚገኘው የልማት ሠራተኛ ብትመጡ፣ የዓሣውን ጉዳይ አብሮአችሁ ይወስናል።